በሆላንድ ባህላዊ ምግብ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአምስተርዳም፣ ሮዘንግራክት በሚባለው ጎዳና ላይ፣ «ሙደርስ» ማለትም «እናቶች» የተባለ ትንሽ ምግብ ቤት አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. ሲከፈት እንግዶቹ ሳህን፣ ሹካና ብርጭቆ ከየቤታቸው ይዘው ስለመጡ ዕቃው ዝንጉርጉር ነው፤ ግድግዳውንም የእናቶች ፎቶግራፎች ሸፍነውታል። እንዲህ ባለ ቤት የሚቀርበው የሆላንዶች የቤት ምግብ ነው፤ ስለዚህ ምግብም ሳይቀመስ የሚነገረው ብዙ ነው።

«ድንችና ጎመን ስለሆነ የጾም ነው።» በሆላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችንን የሚያሳስተው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው። ስታምፖት ድንችና አትክልት አብሮ ተቀቅሎ የሚፈጭ ምግብ ቢሆንም፣ ሲፈጭ ወተትና ቅቤ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜም የተጠበሰ የአሳማ ስብ ተከትፎ ይደባለቅበትና ከላዩ በጭስ የታጠነ ቋሊማ ይቀመጥበታል። ስነርት የሚባለው የአተር ክክ ሾርባም መልኩ ከእኛው ክክ ጋር ቢቀራረብ፣ የሚወፍረው ከአሳማ ሥጋ ጋር ተቀቅሎ ነው። «ቬጌታሪስ» የሚለው ቃል ሥጋን እንጂ ወተትንና ቅቤን አያስቀርም፤ ጿሚ ሊጠይቅበት የሚገባው ቃል «ቬጋኒስቲስ» የሚለው ነው። አሳማ የማይበላም ሰው ቢሆን ቋሊማው ከምን እንደተሠራ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

«ቅመም አያውቁም።» የሚያቃጥል ነገር አለመኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሃሼ የሚባለው የበሬ ሥጋ ወጥ ከብዙ ሽንኩርት፣ ከኮምጣጤና ከቅርንፉድ ጋር ለሰዓታት በቀስታ ይበስላል፤ ሽንኩርቱ ቀልጦ ወጡን ሲያወፍረው ያየ ሐበሻ ዘዴው ባዕድ አይሆንበትም። በአበባ ጎመን ላይ ገውዝ ይፈቀፈቃል፤ የላይደን አይብ ከሙን፣ የፍሪስላንድ አይብ ቅርንፉድ አለበት። ቅመሙን በብዛት ወደ አገሩ ያስገባው በ1602 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ገውዙን የግሉ ለማድረግ በ1621 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ያሉትን የባንዳ ደሴቶች ሕዝብ መፍጀቱ የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

«ሁትስፖት ከጥንት ጀምሮ የድንች ምግብ ነው።» በአፈ ታሪኩ መሠረት፣ ጥቅምት 3 ቀን 1574 እ.ኤ.አ. ስፔናውያን የላይደን ከተማን ከበባ ጥለው ሲሸሹ፣ የተራበው ሕዝብ ከሰፈራቸው አንድ ድስት ወጥ አገኘ፤ ሁትስፖት የመጣው ከዚህ ነው ይባላል። ድንች ግን በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው ምግብ ስላልነበረ፣ በድስቱ ውስጥ የነበረው ሌላ ሥር መሆን አለበት፤ ነጭ ካሮት የሚመስለው ተክል ይጠቀሳል። ላይደን በየዓመቱ በዚያው ቀን በካሮት፣ በሽንኩርትና በድንች የተሠራ ሁትስፖት ትበላለች።

«ሄሪንግ ጥሬ ዓሣ ነው።» እሳት አይነካውም፤ ነገር ግን ከሆድ ዕቃው አብዛኛው ወጥቶ፣ ቆሽቱ ብቻ ሲቀር፣ በጨውና ከቆሽቱ በሚወጣው ኢንዛይም ይበስላል፤ ትላትሉን ለመግደልም አስቀድሞ በረዶ እስኪሆን እንዲቀዘቅዝ ሕጉ ያስገድዳል።

«ጉርሻ መስጠት ግዴታ ነው።» አይደለም፤ የአገልግሎቱ ክፍያ በዋጋው ውስጥ ተካቷል፤ የተደሰተ ሰው ሂሳቡን ወደ ሙሉ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይከፍላል።

«ምሽት ረጅም ነው፤ በፈለጉበት ሰዓት ይደረሳል።» ሆላንዶች እራታቸውን የሚበሉት በአሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ የትንሽ ምግብ ቤት ማድ ቤትም ከበሩ ቀድሞ ይዘጋል። ማታ በአራት ሰዓት የደረሰ እንግዳ ቢራ ቢያገኝ እንጂ ስታምፖት ማግኘቱ ያጠራጥራል።