የመሠረተ ልማት መዘግየት ምንድን ነው?

በከተማ ዳርቻ አዲስ ሰፈር ሲቆረቆር ቀድሞ የሚያልቀው ቤቱ ነው። ነዋሪው ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል፤ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የፍሳሽ መስመሩና አውቶቡሱ ግን ከዓመታት በኋላ ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አይመጡም። ሰው ከገባበት ቀን አንሥቶ አገልግሎቱ እስከሚደርስበት ቀን ያለው ይህ የጊዜ ክፍተት የመሠረተ ልማት መዘግየት ይባላል።

ይህ ነገር ከሕገወጥ ሰፈራ ጋር መምታታት የለበትም። እዚህ የምንነጋገረው መሬቱ በፕላን ስለ ተሸነሸነ፣ የግንባታ ፈቃድ ስለ ተሰጠበትና ነዋሪው ግብሩን ስለሚከፍልበት ሰፈር ነው። በፕላኑ ላይ ትምህርት ቤቱ በአንድ ቀለም፣ የጤና ጣቢያው ቦታ በሌላ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። መሬት ላይ ሲኬድ ግን የሚገኘው በሽቦ የታጠረ፣ ሣር የዋጠው ባዶ ቦታ ነው። በ6 ዓመቱ ወደ ሰፈሩ የገባ ልጅ፣ ለእሱ ታስቦ የነበረው ትምህርት ቤት ሳይከፈት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በሌላ ሰፈር ሊጨርስ ይችላል። ለዚያ ልጅ አገልግሎቱ ዘገየ ማለት ቀረ ማለት ነው።

መዘግየቱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ቢሆንም፣ በቂ ገንዘብ ባላቸው አገሮችም ያው ነገር ስለሚደጋገም ሥሩን ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። እኔ እንደማየው ዋናው ችግር ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደው አካልና አገልግሎቱን የሚያቀርበው አካል አንድ አለመሆናቸው፣ ሁለቱም በተመሳሳይ የጊዜ ሰሌዳ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ነገር አለመኖሩ ነው።

ከዚህ ላይ የቆጠራው ጉዳይ ይጨመራል። በብዙ አገሮች በጀት የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ነው፤ ብዛቱ ደግሞ የሚወሰደው በአብዛኛው በየ10 ዓመቱ ከሚካሄደው ቆጠራ ነው። አንድ የዳርቻ ሰፈር በቆጠራው ዕለት 40 ሺህ ነዋሪ ነበረው እንበል። በዓመት 7 በመቶ እያደገ ከሄደ በ10ኛው ዓመት ወደ 79 ሺህ ይጠጋል። በመካከል ቁጥሩ በትንበያ ካልታረመ በቀር በጀቱ የሚመደበው ለ40 ሺህ ሰው ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል የሚመስለው ድልድል ከሁለት ነዋሪ አንዱን እንደሌለ ይቆጥረዋል። በተቃራኒው ነዋሪው እየቀነሰ የሄደ የመሀል ከተማ ሰፈር በድሮው ቁጥሩ ሲደጎም ይኖራል። ማንም ሰው ሆን ብሎ ሳያዳላ፣ ስሌቱ ብቻውን ያዳላል።

የኃላፊነት መከፋፈሉም እንዲሁ በየዕለቱ የሚታይ ነው። ነዋሪዎች ተሰብስበው አውቶቡስ ሲጠይቁ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መንገዱ አስፋልት ስላልሆነ ስምሪት መስጠት አልችልም ይላል። ወደ መንገዶች መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ደግሞ በመስመሩ የሚመላለሰው ተሽከርካሪ ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያ አላገኘም ይባላሉ። ተሽከርካሪ የማይመላለሰው መንገድ ስለሌለ ነው፤ መንገድ የማይሠራው ተሽከርካሪ ስለማይመላለስ ነው። ሰፈሩ በሁለት አስተዳደሮች ወሰን ላይ ካረፈ ደግሞ ገጠሩ ከተማ ነህ፣ ከተማው ገጠር ነህ ይለዋል። የመንግሥት ቸልተኝነት ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በእንዲህ ያለ ምልልስ ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን ደንብ አክብሮ ሲሠራ ነዋሪው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ክፍያው በነዋሪው ላይ ሲወድቅ በቁጥር ሊታይ ይችላል። ሥራዋ መሀል ከተማ የሆነ እናት ለመሄጃ 2 ሰዓት፣ ለመመለሻ 2 ሰዓት ካጠፋች፣ በሳምንት 5 ቀን ስትመላለስ 20 ሰዓት መንገድ ላይ ይቀርባታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስትገባ ልጆቿን የምታያቸው ተኝተው ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም የመንግሥት ሒሳብ ውስጥ ስለማይመዘገብ ግንባታውን ማዘግየት ገንዘብ እንደ መቆጠብ ይታያል። ቁጠባው ግን ሐሰት ነው። ባዶ ሜዳ ላይ መቀበር ይችል የነበረ የፍሳሽ ቧንቧ ከዓመታት በኋላ አስፋልት ተቆፍሮ፣ አጥር ፈርሶ፣ ካሳ ተከፍሎ ይቀበራል፤ መሬቱም በዚያ ጊዜ ዋጋው ንሮ ይጠብቃል።

ሀብታም አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። ክሊሺ ሱ ቧ የተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ከፓሪስ መሀል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም የባቡር ጣቢያ ስላልነበራት፣ ነዋሪዎቿ ወደ ዋና ከተማዋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በመላው ፈረንሳይ የተዛመተው ሁከት የተነሣው ከዚህችው ከተማ ነው፤ ትራም የገባላት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ችግሩ ሲከፋ የት እንደሚያደርስ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በብድር የተሠሩ ሰፋፊ የቤት መንደሮች ከሥራ ቦታና ከአገልግሎት እጅግ ርቀው ስለ ነበር ብዙ ቤተሰቦች ዕዳውንም ቤቱንም ትተው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቆጠራ በአገሪቱ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ነዋሪ አልነበረባቸውም። ሁሉም የዳርቻ ቤቶች ነበሩ ማለት አይደለም፤ ርቀቱና የአገልግሎት እጦቱ ግን ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ይቆጠራሉ።

መዘግየቱ ሊቀር የሚችል መሆኑን የሚያሳዩ ከተሞችም አሉ። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣችው ፕላን ከተማዋ እንደ ተዘረጋ መዳፍ በአምስት ጣቶች እንድታድግ፣ በየጣቱም የባቡር መስመር እንዲያልፍ ወሰነች፤ መስመሩ የሚያልፍበት ስለ ታወቀ ቤቱ መስመሩን ተከተለ። በሆንግ ኮንግ የምድር ባቡር ኩባንያው በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለውን መሬት የማልማት መብት ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ ያገኛል፤ ባቡሩ ሲደርስ የሚጨምረው የመሬት ዋጋም ለግንባታው ወጪ ይውላል። በብዙ ቦታዎች ይህ ጭማሪ መሬቱን ቀድሞ በያዘው ሰው ኪስ ይቀራል፤ መንገዱን የሠራው የሕዝብ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ትርፉ ለሕዝብ አለመመለሱ በግልጽ ሊነገር የሚገባው በደል ነው።

በአውስትራሊያ የሜልቦርን ከተማ ዳርቻ የሆነችው መርንዳ ሁለቱንም ገጽታ ታሳያለች። የባቡር አገልግሎቷ እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋረጠ። ከተማዋ እየሰፋች ሄዳ አካባቢው በቤት ሲሞላ፣ ነዋሪው ባቡር አጥቶ በተጨናነቀ መንገድ ላይ በመኪና ሲመላለስ ኖረ። ሆኖም የድሮው መስመር መሬት አልተሸጠም፤ በላዩም ቤት አልተሠራበትም። የ8 ኪሎ ሜትሩ ማራዘሚያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ባቡሩ ሲመለስ ያረፈው ለ59 ዓመታት ያህል ክፍት ሆኖ በቆየው በዚያው መሬት ላይ ነው።