«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የአድሬናል እብጠት

ሆዳችንን ሲያመን መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ጨጓራዬ ነው» ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥፋቱ የሆድ ዕቃው አይደለም፣ ከኩላሊት አናት ላይ የተቀመጠችው አድሬናል የምትባለው ትንሽ እጢ ናት። እሷ ላይ ፌዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እብጠት ሲወጣ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያለ ልክ ወደ ደም ይለቃል።

«ሆርሞንና ሆድ ምን አገናኛቸው?»

ክፉኛ ስትደነግጡ ምግብ አልወርድ ይላችኋል አይደል? አድሬናሊን ሰውነትን ለሩጫ ሲያዘጋጅ ልብን ያፈጥናል፣ አንጀትን ደግሞ ሥራ ያስፈታዋል። ለደቂቃዎች ከሆነ ችግር የለውም። ለወራት ሲቀጥል ግን ሆድ ይደርቃል፣ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ሲብስም አንጀት እንቅስቃሴውን ጭራሽ ያቆምና የተቋጠረ ይመስላል። የደም ሥሮቹ ስለሚጠቡም ኃይለኛ ቁርጠት ይመጣል። በተቃራኒው፣ በጣም ጥቂቶቹ እብጠቶች ቪአይፒ የሚባል ሌላ ሆርሞን ስለሚለቁ እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ያመጣሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድንም አብሮ ይቀንሳል።

«ምርመራው ንጹህ ከሆነ ጭንቀት ነው»

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ሰውየው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ይላል። ድንገት ልቡ ይደልቃል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ሸሚዙ በላብ ይርሳል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ሆዱ ይታመሳል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ይለቀዋል። ክሊኒክ ሲደርስ ግፊቱ ልክ ነው፣ «አትጨነቅ» ተብሎ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ግፊታችሁን ሕመሙ በያዛችሁ ሰዓት ለኩት፣ ጻፉት፣ ለሐኪሙ አሳዩት። ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ድለቃ አብረው እየመጡ የሚሄዱ ከሆነ በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ሜታኔፍሪን የሚባለውን የእነዚህን ሆርሞኖች ስባሪ መለካት ይቻላል። በእርግጥ በሽታው ብርቅ ነው፤ ሆዱን ያመመው ሁሉ ይመርመር ማለቴ አይደለም።

«ማስመለሱ እንዲቆምልኝ ፕላሲል ብወጋ ምን ይለኛል?»

ለብዙ ሰው ምንም። ይህ እብጠት ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው። ፕላሲል የምንለው ሜቶክሎፕራሚድ እብጠቱን ቆስቁሶ ሆርሞኑን በአንዴ ሊያስለቅቀው፣ ግፊቱንም ሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ ሊያስወነጭፈው ይችላል። ከመርፌው በኋላ እንዲህ የሆነባችሁ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳትቀሩ።

«እጢ ከተባለ ካንሰር ነው»

እዚህ ላይ ቋንቋችንም አሳስቶናል። እጢ የምንለው ጤነኛውንም የሰውነት ክፍል፣ በሽታውንም ነው። አድሬናል ሁላችንም አለን። እላዩ ላይ የሚወጣውም እብጠት በብዛት ካንሰር አይደለም።

«ከተገኘ ቶሎ ተቆርጦ ይውጣ»

መውጣቱስ ይወጣል፣ ዋናው ሕክምናም ቀዶ ጥገና ነው። ግን ዝግጅት አለው። አልፋ የሚባለውን የሆርሞን መቀበያ የሚዘጋ መድኃኒት ቢያንስ ከ7 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፣ ጨውና ፈሳሽም ይጨመራል። ልብ የሚያረጋጋው ቤታ ብሎከር ከዚያ በፊት ከተጀመረ ግፊቱን ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። ሜታኔፍሪን ሳይለካ በመርፌ ናሙና መውሰድም እብጠቱን ነካክቶ ያንኑ የሆርሞን ማዕበል ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ «ለምን ያዘገዩኛል?» ብላችሁ ሆስፒታል ከመቀየራችሁ በፊት የታዘዘላችሁን መድኃኒት ስም ጠይቁ፤ ምናልባት እያዘገዩአችሁ ሳይሆን እያዘጋጇችሁ ነው።