ፎቶ ብቻውን አይመሰክርም፦ ስለ ሚዲየም ፎርማት፣ ስለ ጦርነት ፎቶና ስለ አጋላጮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካሜራ ፍቅር ያለው፣ የጦርነት ዜና የሚከታተል፣ ምስጢር ያወጡ ሰዎችን (አጋላጮችን) ታሪክ የሚያነብ ሰው ሦስቱ ጉዳዮች አንድ ጥያቄ ላይ እንደሚገጥሙ ያውቃል፦ ይህን ፎቶ ማን አነሳው፣ በምን አነሳው፣ በማን በማን እጅ አልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ? በዚህ ዙሪያ በሙሉ ልብ የሚነገሩ ስህተቶች ብዙ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የተለየ ሲኖር ይጠቀሳል።

«ሚዲየም ፎርማት የስቱዲዮ ዕቃ ነው፣ ጦር ሜዳ አያውቅም»

ሚዲየም ፎርማት ከተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚበልጥ ፊልም ወይም ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው። እንዲያውም ከስሞቹ ሁሉ ዝነኛው፣ ሃሰልብላድ፣ የተወለደው ከጦርነት ነው። በ1940 የስዊድን አየር ኃይል እጁ የገባ የጀርመን የአየር ላይ ካሜራ ይዞ ወደ ቪክቶር ሃሰልብላድ ሄደ፤ በዓመቱ ኤችኬ-7 የተባለው በእጅ የሚያዝ የአየር ላይ ካሜራ ተሠራ። ለተራው ገዢ የታሰበው 1600ኤፍ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ነው። ፎቶ አንሺዋ ሊ ሚለር በ1945 ቡከንቫልድና ዳካው የተባሉትን የናዚ ካምፖች ያነሳችው ሮሌይፍሌክስ በተባለ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ነው። ፎቶ አንሺው ቲም ሄዘሪንግተንም የላይቤሪያን የእርስ በርስ ጦርነት በ2003 ሲያነሳ፣ ዓለም ወደ ዲጂታል እየሮጠ እሱ ካሜራው ውስጥ ሚዲየም ፎርማት ፊልም ያጎርስ ነበር።

የካሜራው ችግር ሌላ ቦታ ነው። «120» የሚባለው አንድ ጥቅል ፊልም 6×6 (በሴንቲሜትር) በሚያነሳ ካሜራ 12 ፎቶ ብቻ ይሰጣል፤ በ6×4.5 15 ወይም 16፣ በ6×7 10፣ በ6×9 ደግሞ 8። ጥቅሉ ሲያልቅ ቆሞ መቀየር ግድ ነው፣ ለዚያውም ጥላ ፈልጎ። በሌላ በኩል ሮሌይፍሌክስ ሸተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል) ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ድምፁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንሺውም አንገቱን ደፍቶ ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ተነሺው ፊት ላይ የተደቀነ ነገር ያለ አይመስለውም።

የሃሰልብላድ 500 ተከታታይ ለጀማሪ ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ከፊልም መያዣው ፊት የምትገባዋ ስስ ብረት ናት፦ ካልገባች መያዣው አይነቀልም፣ ካልወጣች ካሜራው አይተኩስም። «ካሜራዬ ሞተ» ከሚሉት ብዙዎቹ ብረቷን ረስተው ነው። ሁለተኛው ሌንስ መቀየር ነው። ሌንሱም አካሉም ለመተኮስ ተወጥረው መሆን አለባቸው፤ አንዱ ተወጥሮ ሌላው ከላላ ይቆላለፋሉ። ሌንሱ ለብቻው ላልቶ ከተገኘ ከኋላው ያለውን ባለ ስንጥቅ ዘንግ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ በሰዓት አቅጣጫ ቀጭ እስኪል ማዞር ነው። ተቆላልፎ ከቆየ ግን በጉልበት መጠምዘዝ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

«120 ማለት ስፋቱ 120 ሚሊሜትር ነው»

አይደለም። ኮዳክ በ1901 የሰጠው መለያ ቁጥር ነው፤ ፊልሙ ወደ 61 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ «6×6» የሚባለውም ፎቶ በተግባር 56 በ56 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንደ 35 ሚሊሜትር ፊልም ወደ ኋላ አይጠቀለልም፤ ከአንዱ ማጠንጠኛ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ባዶው ማጠንጠኛም ለቀጣዩ ጥቅል ተቀባይ ይሆናል። ሲጎረስ ከፊልሙ ጀርባ ያለው ወረቀት ላይ የታተመውን ቀስት ካሜራው ላይ ካለው ምልክት ጋር ማስተካከልና እስከዚያ ድረስ ወረቀቱን በአውራ ጣት ወጠር አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ላላ ብሎ የተጠቀለለ ፊልም ይወፍርና ጠርዙ ብርሃን ያስገባል፤ በፎቶው ዳር ብርቱካንማ ወይም ጭጋጋማ ነጠብጣብ ሲታይ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። ሲያልቅ ወረቀቱ እስኪጨርስ ማጠንጠን፣ ወጥሮ መያዝ፣ ከዚያ ማሸጊያውን መለጠፍ።

ለተጓዦች አንድ ነገር፦ አዳዲሶቹ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲቲ (CT) የጨረር መፈተሻዎች ያልታጠበ ፊልምን በአንድ ማለፍ ብቻ ሊያጨልሙት ይችላሉ። ፊልሙን ለብቻው በሚያሳይ ላስቲክ አድርጎ በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ነው። ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የባሰው ምርጫ ነው፤ እዚያ ያለው ጨረር ይበረታል።

«ሚዲየም ፎርማት ማንም የማይደርስበት የጀርባ ብዥታ አለው»

ሒሳቡ ቀላል ነው። የ6×6 ሰያፍ ልክ 79 ሚሊሜትር ያህል፣ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ደግሞ 43 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ማባዣው 0.55 ገደማ ነው። የተለመደው 80 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዥታው ይበዛል) በ0.55 ሲባዛ 44 ሚሊሜትር ኤፍ 1.5 ይሆናል። ስለዚህ ርካሽ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 የያዘ ሰው ተመሳሳይ ብዥታ ያገኛል፣ ምናልባትም ትንሽ ይበልጣል። በዲጂታሉ 44×33 ሚሊሜትር ሴንሰር ልዩነቱ ይበልጥ ይጠባል፤ ማባዣው 0.79 ነው። «ፊትን የሚያቀራርበው ፎርማቱ ነው» የሚባለውም ከርቀቱ እንጂ ከካሜራው አይመጣም። ትልቁ ኔጋቲቭ የሚሰጠው ሌላ ነው፦ ስፋቱ ከ35ቱ 3.6 እጥፍ ስለሆነ ለተመሳሳይ ማተሚያ ልክ ያነሰ ማጉላት ይበቃዋል፤ ቅንጣቱ ይረቃል፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ያለው ሽግግርም ይለሰልሳል። ያን ዝርዝር ለማግኘት ግን የስካነሩን ማስታወቂያ አትመኑ። 6400 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የጠረጴዛ ስካነር በተግባር ከ2300 እምብዛም አያልፍም።

«የካፓ ፊልም ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ ቀልጦ ነው»

የጦርነት ፎቶ አንሺው ሮበርት ካፓ ሰኔ 6 ቀን 1944 የተባበሩት ኃይሎች ፈረንሳይ ኖርማንዲ ሲወርዱ ኦማሃ ዳርቻ ላይ ያነሳቸው አሥራ አንድ ያህል ፎቶዎች ብቻ የተረፉት የለንደኑ ጨለማ ክፍል ሠራተኛ ፊልሞቹን ከመጠን በላይ አሙቆ ስላቀለጣቸው ነው ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ተነግሯል። ፊልም ያጠበ ሰው ግን ይጠረጥራል። ታጥቦ የጠነከረ ጄላቲን በሳጥን ሙቀት እንዲህ በቀላሉ አይፈስም፤ ቢፈስ ደግሞ ሦስት ጥቅል ሙልጭ አድርጎ አራተኛው ላይ ጥርት ያሉ ፎቶዎች አይተውም። ታሪኩን ያስፋፋው አርታኢ ጆን ሞሪስ ራሱ በ2014 በሌሎቹ ጥቅሎች ላይ መጀመሪያውንም ምንም ላይኖር እንደሚችል ተቀብሏል።

«ፊልም ዱካ አይተውም፤ ለአጋላጭ ከዲጂታል ይሻላል»

ይህ አደገኛው ነው። ፊልም ሰዓትና ቦታ አይመዘግብም፣ እውነት ነው። ጠርዙ ላይ ግን የአምራቹ ስም፣ የፊልሙ ዓይነትና ቁጥሮች ታትመዋል። የሃሰልብላድ መያዣ በእያንዳንዱ ፎቶ ዳር ሁለት ትንንሽ የሦስት ማዕዘን ንክሻ ይተዋል፤ የሌሎች ካሜራዎች መስኮትም የራሱ ጉድፍ፣ ጭረትና የተበላ ጠርዝ አለው። ካሜራው ከተገኘ ኔጋቲቩን ከእሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በዚያ ላይ ፊልሙ አጣቢ ይፈልጋል፤ አጣቢ ደግሞ የሚያስታውስ ሰውና የተጻፈ ደረሰኝ ማለት ነው። ስካን ሲደረግም ፋይሉ ላይ የስካነሩ ሞዴል፣ የሶፍትዌሩ ስምና ሰዓቱ ይጻፋል።

«ሜታዳታውን ካጠፋሁ አበቃ»

ቴሌግራም ላይ በፎቶነት የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ የኤግዚፍ መረጃውም (ካሜራው፣ ሰዓቱና ቦታው የሚመዘገቡበት ሜታዳታ) ይራገፋል። ያው ምስል በፋይል መልክ ከተላከ ግን ካሜራውን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ተሸክሞ ይሄዳል። «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ» የሚለው የተለመደ ትሕትና ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ሁለተኛው ነገር ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ ቅድመ እይታ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ዋናውን ምስል ሲቆርጡ እሱን አያድሱትም፤ ተቆርጦ ወጣ የተባለው ፊት እዚያ ቁጭ ብሎ ይገኛል። በ2023 ደግሞ የጉግል ፒክስል ስልኮች ማረሚያ የተቆረጠውን ክፍል ከፋይሉ ጫፍ ሳያጠፋ ለዓመታት ሲያስቀምጥ እንደነበር ታወቀ። ፊትን ወይም ጽሑፍን በብዥታ ከመሸፈን ይልቅ ሙሉ በሙሉ ጥቁር መቀባት፣ ከዚያ ምስሉን እንደ አዲስ ፋይል ማውጣት ይሻላል።

ሦስተኛውን በአዝራር ማጥፋት አይቻልም። የእያንዳንዱ ሴንሰር ነጥቦች ለብርሃን ያላቸው ስሜት በጥቂቱ ይለያያል፤ ይህ ልዩነት እንደ ጣት አሻራ ፎቶዎቹ ላይ ያርፋል። ተመራማሪዎች ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህ መንገድ ፎቶን ከካሜራው ጋር ማገናኘት ችለዋል። ለዚህ ግን ካሜራው ራሱ ወይም በእሱ መነሳታቸው የታወቁ ሌሎች ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። በግል ገጹ ላይ ፎቶ በሚለጥፍበት ካሜራ ምስጢር የሚያነሳ ሰው ማወዳደሪያውን በገዛ እጁ አቀረበ ማለት ነው።

«ሪያሊቲ ዊነርን ያስያዟት ቢጫ ነጥቦች ናቸው»

ሪያሊቲ ዊነር ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በኮንትራት ስትሠራ ምስጢራዊ ሰነድ ለዜና ተቋም ያወጣች ሴት ናት። ነጥቦቹ መኖራቸው እውነት ነው። ብዙ ባለ ቀለም ሌዘር ማተሚያዎች በዓይን የማይለዩ ቢጫ ነጥቦችን ገጹ ላይ ይደጋግማሉ፤ በሰማያዊ መብራትና በማጉያ መነጽር ይታያሉ። የዲጂታል መብት ተሟጋቾች በ2005 የዜሮክስ ዶኩከለርን አሠራር ፈትተው የማተሚያውን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን አንብበውታል። ዊነር በ2017 አትማ ያወጣችው ሰነድ ላይም ነጥቦቹ ታይተዋል።

ለፍርድ ቤት የቀረበው ማመልከቻ ግን የሚተርከው ሌላ ነው፦ ለባለሥልጣናት የታየው ቅጂ የመታጠፍ ምልክት ስለነበረው ታትሞ በእጅ መውጣቱ ተገመተ፤ መዝገቡ ሲታይ ሰነዱን ያተሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ሆኑ፤ ከስድስቱ አንዷ ከሥራ ኮምፒውተሯ ለዜና ተቋሙ ኢሜይል ልካ ነበር። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ማተሚያ ብትጠቀም ኖሮ ነጥቦቹ ይቀሩ ነበር፣ መዝገቡ ግን አይቀርም። የሰነድ ሥርዓቶች ማን እንደከፈተ፣ ማን እንዳተመ ይቆጥራሉ፤ ቅጂውን ሳይሸፍኑ «ትክክለኛ ነው ወይ?» ብሎ መልሶ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳየትም ፍለጋውን ያሳጥራል።

«ማይ ላይን ያጋለጠው ፎቶ ነው»

ማይ ላይ የተባለችው የቬትናም መንደር ነዋሪዎች በአሜሪካ ወታደሮች የተጨፈጨፉት መጋቢት 16 ቀን 1968 ነው። ሂው ቶምፕሰን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪ በወታደሮቹና በመንደሩ ሰዎች መካከል አርፎ በዚያው ቀን ለአለቆቹ ሪፖርት አደረገ፤ ተዳፈነ። ሮን ራይደንአወር፣ እዚያ ያልነበረና ከጓዶቹ የሰማ ወታደር፣ በመጋቢት 1969 መጨረሻ ለኮንግረስ አባላትና ለፔንታጎን ደብዳቤ ላከ፤ ምርመራውን የቀሰቀሰው ይህ ደብዳቤ ነው። የጋዜጠኛው ሲሞር ኸርሽ ዘገባ በኅዳር 1969 አጋማሽ ወጣ። የሠራዊቱ ፎቶ አንሺ ሮናልድ ሄበርሊ ምስሎች በጋዜጣ የታተሙት ከሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 20 ቀን ነው።

ሄበርሊ የሠራዊቱን ጥቁርና ነጭ ፊልም አስረክቦ ባለ ቀለሙን፣ በራሱ ካሜራ ያነሳውን፣ ለራሱ አስቀረ። ዓለም ያየው ይህንኛውን ነው። በአጭሩ ደብዳቤው ጉዳዩን ከፈተ፣ ፎቶው «አልሆነም» የሚለውን አፍ ዘጋ።

«ካሜራው የተሻለ ሲሆን ማስረጃውም ይጠነክራል»

«ቄሳር» የሚል ስም የተሰጠው የሶሪያ ወታደራዊ ፖሊስ ፎቶ አንሺ በ2013 ከሀገሩ ሲወጣ የተሻገሩት 53,275 ፋይሎች ተራ የቢሮ ዲጂታል ፎቶዎች ናቸው። ያጠነከራቸው የፒክስላቸው ብዛት አይደለም፤ አስከሬኖቹ ላይ የተጻፉት የእስረኛ፣ የእስር ቤትና የሕክምና ምርመራ ቁጥሮች ናቸው። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በፎቶዎቹ ላይ ያለውን ግቢ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ ደማስቆ፣ መዜ ሰፈር ያለው ቁጥር 601 ወታደራዊ ሆስፒታል መሆኑን ለየ።

የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ባሰቃዩበት የኢራቁ አቡ ግሬይብ እስር ቤት የተነሱት ፎቶዎችም ከትናንሽ የኪስ ካሜራዎች የመጡ ነበሩ፣ የካሜራዎቹም ሰዓት ትክክል አልነበረም። መርማሪው አንድን ድርጊት ከተለያየ አቅጣጫ ያነሱትን ካሜራዎች አስተያይቶ ልዩነቱን አስልቶ የጊዜ ሰሌዳውን ገጣጠመ። መስክ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትንሽ ነው፦ የቀኑ የመጀመሪያ ፎቶ የስልኩ ሰዓት ይሁን፤ የካሜራው ሰዓት ቢሳሳት እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል።

«በካሜራው የተፈረመ ፎቶ ሊጭበረበር አይችልም»

የካኖን የማረጋገጫ ሥርዓት በ2010፣ የኒኮን በ2011 ተሰብረዋል። በጥቅምት 2023 የወጣው የላይካ ኤም11-ፒ አዲሱን የሲ2ፒኤ ፊርማ (የፎቶን ምንጭ የሚያሳይ ዲጂታል ማህተም) በካሜራ ውስጥ ይዞ መጣ። ኒኮንም በዜድ6 ሦስት ተከተለ፤ በ2025 ግን ድርብ ፎቶ በሚነሳበት ተግባር በኩል የሌላ ካሜራን ምስል አስገብቶ ማስፈረም እንደሚቻል ተገለጠ፣ ኩባንያውም የሰጣቸውን የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ሰረዘ። ፊርማው የሚለው «ይህ ፋይል ከዚህ ካሜራ ወጥቷል» ነው፤ ሌንሱ ፊት የነበረው እውነተኛ ሰው ይሁን የኮምፒውተር ስክሪን አይናገርም።

«አጋላጭ ስሙ ካልታወቀ አይነካም»

በአማርኛ ለዚህ ሰው የሚመች ስም የለንም። «ጠቋሚ» ስንል ጆሮ ጠቢ ይሰማናል፣ «ምስጢር አውጪ» ስንል ከዳተኛ። ሕጋችን ግን የመጀመሪያውን መርጧል፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ወጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያ ተቀባዩ ጥቆማ መድረሱን በ7 ቀን እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ የብሔራዊ ደኅንነት ጉዳዮችን ግን ለአባል ሀገራት ይተዋል። በአሜሪካ ወታደር ለኮንግረስ አባል ወይም ለዋና ተቆጣጣሪ ቢናገር የ1988 ሕግ ይሸፍነዋል፤ ምስጢራዊ ሰነድ ለጋዜጠኛ ከሰጠ ግን በ1917ቱ የስለላ ሕግ ፊት «ለሕዝብ ጥቅም ነው» የሚለው መከራከሪያ አይሠራለትም።

የአሜሪካ ወታደሩ ጆ ዳርቢ የሄደው በትክክለኛው መንገድ ነበር። በጥር 2004 የአቡ ግሬይብን ፎቶዎች በሲዲ አድርጎ ለሠራዊቱ የወንጀል ምርመራ ክፍል ሰጠ፣ ስሙም እንዲጠበቅ ተስማሙ። በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የሴኔት ስብሰባ ላይ በስሙ ጠርቶ አመሰገነው። ዳርቢ ያን ጊዜ ገና ኢራቅ ነበር።