ቀላልነት ምንድን ነው? ለማንስ ነው የሚቀለው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት አለፍ ብለን በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳና በዚያ አካባቢ የምንኖር ሰዎች በየቀኑ የምንሰማት አንዲት አባባል አለች። «ቀላል ነው!» ደላላው ይላታል፣ ቧንቧ ሠሪው ይላታል፣ ወረዳ ላይ መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውም ይላታል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም።

መነሻው ክብደት ነው። የማይከብድ ዕቃ ቀላል ነው። ከዚያ ቃሉ ወደ ሥራና ወደ ሐሳብ ተሻገረና የማያስቸግረውም፣ ያልተወሳሰበውም ቀላል ተባለ። የድሮው ትርጉም ግን አልጠፋም። አያት ድረስ የሚመጣው ባቡራችን «ቀላል ባቡር» የተባለው ሥራው ቀላል ስለነበረ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር፣ ሁለቱ መስመሮቹ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ጅቡቲ ከሚደርሰው ባቡር ጋር ሲነጻጸር የሚሸከመው ጭነት ስለሚያንስ ነው ስሙን ያገኘው።

ስለዚህ «ቀላል» ሲባል ከምን አንጻር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን «ቀላል እስራት» በመርህ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ከልጆቿ የተለየች እናት ቀላል ነው አትልም። ሕጉ ቀላል ያለው ከጽኑ እስራት አንጻር ነው፤ ያኛው ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ ሲብስም ዕድሜ ልክ ይደርሳል። በትራፊክ ዜና የምንሰማው «ቀላል የአካል ጉዳት»ም እንደዚያው ነው።

ብድር ለመውሰድ ያሰበ ሰው ደግሞ «ቀላል ወለድ» የሚለውን ይወቅ። ወለዱ የሚታሰበው በዋናው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። 10,000 ብር በዓመት 10 ከመቶ ለ5 ዓመት ብትበደሩና ክፍያው በመጨረሻ አንዴ ቢሆን፣ 15,000 ብር ትመልሳላችሁ። በየዓመቱ ወለድ ወለድ እየወለደ ከሄደ ግን 16,105 ብር ይሆናል። ከመፈረም በፊት የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። «ቀለል ያለ ሰው» ምስጋና ነው፤ የማይኮራ፣ ቡና ስትጠሩት ሳያስለምን የሚመጣ ጎረቤት ማለት ነው። «ቀለለ» ካልን ግን ክብሩን አጣ ማለታችን ነው። «ሰው ፊት አቃለለኝ» የሚል ሰው ተጎድቷል። «ቀላል ሰው አይደለም» ስንል ደግሞ ልንጠነቀቀው ወይም ልናከብረው የሚገባ ነው። የሰፈር ልጆች ደግሞ ገልብጠውታል፤ «ቀላል ደከመኝ እንዴ!» የምትል ልጅ በጣም ደክሟታል።

እኔ የምወደው ግን የሒሳብ መምህራንን አጠቃቀም ነው። 12/16ን አቃልሉ ሲሉን 3/4 ብለን እንጽፋለን። ቁጥሩ አነሰ፣ ዋጋው ግን አልተነካም። ለእኔ እውነተኛው ቀላልነት ይህ ነው፤ ትርፍ የሆነውን ማስወገድ፣ ዋጋውን ግን አለመንካት። ሰውን ስናቃልል የምንቀንሰው ዋጋውን ነው፣ ስለዚህ ያ ሌላ ነገር ነው። ድህነትም ቀላልነት አይደለም። ዕቃ የሌለው ቤት ቀላል ኑሮ ይመስላል፣ ግን ሰውየው ሥራ ለመግባት ሌሊት ተነስቶ ታክሲ እየቀያየረ የሚሄድ ከሆነ ኑሮው ምኑ ላይ ነው የቀለለው?

እድርን ተመልከቱ። ወርሃዊ መዋጮ አለ፣ ድንኳንና ወንበር አለ፣ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ያልተማረውም አዛውንት ያውቀዋል። በኀዘን ቀን ባለኀዘኑ ምንም አያስብም። ይህ ሁሉ የሚቀለው ግን ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ዓመቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ መዝገብ ስለሚይዙ ነው። ሸክሙ አልጠፋም፣ ማዘን ካለበት ሰው ላይ ተነስቶ ሌሎች ትከሻ ላይ ሄደ እንጂ። ደስ የሚለኝም ይኼ ነው።

ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። «ቀላል ነው፣ ይህችን ብቻ አሟልተሽ ነይ» ይባላል። ለሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ከአራብሳ ለመጣችው ሴት ግን የቀን ሥራዋን ማጣት፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ሕፃኑን ለጎረቤት ማስያዝ ነው፣ ከዚያ በማግስቱ ደግሞ ሌላ የጎደለ ነገር ይነገራታል። የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ መሸኛውንም ጉርድ ፎቶውንም ኮፒውንም፣ በትልልቅ ፊደል አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ ይቻላል። የማያነብ ሰው ሲመጣ ጥበቃው ያንብብለት።