«ሆዴን ባር ባር አለኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጊቤን ተሻግሮ ጅማ የገባ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ምሽት ቤት ደውሎ «እማ፣ ደህና ነኝ፤ ብቻ ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል። አልታመመም፣ አልፈራም፣ የበደለውም የለም። ግን ውስጡ አልረጋም፤ ቢቀመጥም ቢነሳም አይመቸውም። አነጋገሩ የሚገልጸው ይህንን ምክንያቱ በውል የማይታወቅ፣ ናፍቆትና ብቸኝነት የተቀላቀለበት ስሜት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ፣ ቤቱ ጭር ሲል ወይም ከሰው ሲለዩ ይመጣል።

አማርኛ ስሜትን የሚያኖረው ሆድ ውስጥ ነው፦ ሆዴ ባባ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆድ ይፍጀው። በዚህ ላይ አንድን ቃል ደጋግሞ «አለኝ» የማስከተል ልማድ አለው፦ «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ»፣ «ማልቀስ ማልቀስ አለኝ»። በእንዲህ ያለው አነጋገር አድራጊው ስሜቱ ነው፤ ሰውየው ተቀባይ ብቻ። ስለዚህ «ባር ባር አልኩ» ማለት ስህተት ነው። አለኝ፣ አለሽ፣ አላቸው እያለ ይረባል፤ ለትልቅ ሰው «ሆድዎን ባር ባር አለዎት?» ይባላል። «ሆዴን ባር ባር አለው» የሚሉም አልተሳሳቱም፤ ተቀባዩን ሆድ አድርገውት ነው።

ስህተት የሚበዛው ከሚቀራረቡት አነጋገሮች ጋር ሲምታታ ነው። እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሰማዩ ሲጠቁር ገበሬው «ባር ባር አለኝ» አይልም። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እስኪሆን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ፀሐይ ይፈልጋል፤ መሀል ላይ ዝናብ ከመታው ይሻግታል። የሚያሰጋው ነገር በግልጽ ስለሚታወቅ ትክክለኛው «ልቤ ተሰቀለ» ነው። ቡናው ባሰበው ዋጋ ሳይሸጥለት ሲቀር ደግሞ «ቅር አለኝ» ይላል፤ ቅሬታ ሁልጊዜ ምክንያት አለው። «ሆድ ባሰው» ከሁሉም ይከብዳል፤ የተበደለ፣ የመረረው ሰው ነው። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የተባለውም ለእሱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ስለት ያለው ነገር እጁ ከገባ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ሆዱን ባር ባር ያለው ሰው ግን እዚህ ደረጃ ላይ አይደለምና ይህን ተረት ለእሱ መጥቀስ ያስቀይመዋል።

ባር ባር ያላትን ሰው «ምን ሆነሽ?» እያሉ መወትወት አይጠቅምም፤ መልሷ «እንጃ» ነው። ጅማ ላይ ጎረቤት የሚላት «አይዞሽ፣ ነይ ቡና ጠጪ» ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ከሰው ጋር መቀመጡ ጭርታውን ይሰብርላታል።