50 አምፕ ምንድን ነው?

«የ30 አምፕ ሶኬት ካለ ይበቃል፤ ከ50ው ጋር ልዩነቱ 20 አምፕ ብቻ ነው።» መጋቢት በገባ ቁጥር ከአትላንታ ወደ ሳቫና በአርቪ (ቤት በሆነ መኪና) ለመውረድ ካምፕ የሚይዝ ሰው ይህ ምክር አይቀርለትም። መካሪው መቀነስ ያውቃል። የማያውቀው ምን ከምን እንደሚቀንስ ነው።

የ30 አምፕ ሶኬት አንድ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣ ሽቦ) ብቻ አለው፣ 120 ቮልት። ሲባዛ 3,600 ዋት ይሆናል። የ50ው ባለአራት እግር ነው፦ ሁለት ፌዝ፣ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) እና ግራውንድ (የመሬት ሽቦ)። እያንዳንዱ ፌዝ ለብቻው 50 አምፕ በ120 ቮልት ይሰጣል፤ ድምሩ 12,000 ዋት ነው። 20 ሳይሆን 70 አምፕ ነው ልዩነቱ። (የኤሌክትሪክ ሰዎች እንዳትቆጡ፤ በትክክሉ ሁለቱ የአንድ ፌዝ ሁለት ጫፎች ናቸው። ካምፕ ውስጥ ግን ሁሉም ፌዝ ነው የሚለው።) አገር ቤት 220 የሚባለው በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው ስለሆነ፣ ከዚያ ልምድ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ቢደናገር አይፈረድበትም።

የሰርግ ዳስ አስቡ። የ30ው ዳስ አንድ በር አለው። የ50ው ግራና ቀኝ ሁለት ሰፋፊ በሮች አሉት፤ ከኋላ ደግሞ አንድ የጋራ መውጫ አለ፣ እሱ ኒውትራሉ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በቀኝ የገባ እንግዳ በግራ ይወጣል፣ በግራ የገባ በቀኝ። በኋላ በር የሚወጣው በሁለቱ መካከል ያለው ትርፍ ብቻ ነው። አሁን የኋላው በር ተደፈነ እንበል። የበዛው ወገን ትርፍ መውጫ አጥቶ በጥቂቶቹ ላይ ይገፋል። ኒውትራል ሲላቀቅ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ብዙ ዕቃ ያልበራበት ወገን ቮልቴጁ ከ120 ወደ 160 እና ከዚያም በላይ ይዘላል፣ ቴሌቪዥንና የማይክሮዌቭ ቦርድ ይቃጠላል። ጭነት ሲበዛ ኃይል የሚቆርጠው ብሬከር አይዘጋም፤ ብሬከር የሚቆጥረው አምፕ እንጂ ቮልት አይደለም። ተራ ሰርጅ ፕሮቴክተርም አያድንም፤ ኃይሉን ራሱ የሚቆርጥ፣ ኢ ኤም ኤስ የሚባለው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለሳቫና ምኗ ነው? ከተማዋ የጆርጂያ መሥራች ኦግልቶርፕ በ1733 በነደፈው ፕላን የተሠራች ናት፤ ከ24 አደባባዮቿ 22ቱ ዛሬም አሉ። ጠባብ መንገዶቿና ዝቅ ያሉት የኦክ ቅርንጫፎች ለአርቪ አይመቹም። ስለዚህ አርቪውን ስኪዳዌይ ደሴት ስቴት ፓርክን በመሰለ ካምፕ ትቶ ከተማዋን በእግር መዞር ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ስድስት ሰባት ሰዓት ብቻውን ይውላል። መስኮት ከፍቶ እንዳይሄዱ ቢጫው የጥድ ብናኝ አለ፣ ረግረጉ አጠገብ ከመስኮት መረብ የሚያልፉ ጥቃቅን ተናካሾች አሉ። ኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው) ሲሠራ ይውላል ማለት ነው። ውስጥ ውሻ ካለ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ብሬከር ቀልድ አይደለም።

ሒሳቡ ይህ ነው። የ13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ 13 አምፕ ገደማ ይስባል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከተደረገ 12፣ የባትሪ ቻርጀሩ 5። በ30ው ላይ አለቀ። ማይክሮዌቭ ቢጨመር 42 ይሆናል። የ120 ቮልት የእንጀራ ምጣድ የሚጭኑም አሉ፤ 1,500 ዋቱ 12.5 አምፕ ነው። ምጣዱ ከኤሲው ጋር 25.5 ስለሚሆን «ከ30 በታች ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ለሰዓታት ለሚዘልቅ ጭነት የሚታሰበው የብሬከሩ 80 በመቶ፣ 24 አምፕ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ያረጀ ብሬከር ከዚያም ቀድሞ ይዘጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ማዞር፣ ምጣዱንና ኤሲውን አብሮ አለማብራት።

«አዳፕተር ገዝቼ 50ውን 30 ላይ እሰካለሁ» የሚለውም አለ። ይሰካል፤ አዳፕተሩ ግን ያንኑ አንድ ፌዝ ለሁለቱም ወገን ያካፍላል እንጂ ኃይል አይፈጥርም። በተቃራኒው፣ የተከራያችሁት አርቪ መሰኪያ ባለሦስት እግር ከሆነ ለ50 አምፕ ቦታ ተጨማሪ ብትከፍሉም የአርቪው ዋና ብሬከር ከ30 አያሳልፍም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ቤት ነው የሚፈጸመው። ሰውየው ለአርቪው ሶኬት ሊያስገባ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ «30 አምፕ፣ ባለሦስት እግር» ይለዋል። ኤሌክትሪሺያኑ የልብስ ማድረቂያ መስሎት 240 ይዘረጋል። አርቪው 120 ነው የሚፈልገው፤ በተሰካ በሰከንዶች ውስጥ ያልጠፋ ዕቃ ሁሉ ያልቃል። የሶኬቱን ስም ሙሉ በሙሉ ንገሩት፦ ቲቲ-30፣ 120 ቮልት።

ካምፕ ስትደርሱ ብሬከሩን ዝጉና የሶኬቱን ቀዳዳዎች እዩ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ካለ ቦታ ይቀየርላችሁ። ከዚያ ብሬከሩን ከፍታችሁ በቮልት መለኪያ ለኩ። በእያንዳንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 120፣ በ50ው ላይ ደግሞ በሁለቱ ፌዞች መካከል 240 ማሳየት አለበት። በሁለቱ ፌዞች መካከል ዜሮ ካነበበ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። በዳሱ ብንሄድ፣ የሁለቱም በር እንግዳ በኋላ በር ብቻ ይወጣል፤ ኒውትራሉ እስከ 100 አምፕ ሊሸከም ነው፣ የተሠራው ግን ለ50 ነው። ይህ ከገጠማችሁ በጠቅላላው ከ50 አምፕ እንዳታልፉ።

ልኬቱ ከተስተካከለ ብሬከሩን መልሳችሁ ዝጉ፣ ሰክታችሁ ክፈቱ፣ ኤሲውን በመጨረሻ አብሩ። ካምፑ ሲሞላ፣ በተለይ በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ቮልቱ ይወርዳል። ከ104 በታች ከሆነ ኤሲውን አጥፉ፤ ቮልት ሲያንስ ኮምፕረሰሩ ብዙ አምፕ እየሳበ ይግላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን ከውጭ በእጅ ንኩት። ለብ ቢል ምንም አይደለም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን እዚያው ንቀሉት፣ ከተማው ይቆይ።