ጥርስ ተነቅሎ አውሮፕላን መሳፈር፦ የሚወራውና እውነታው

ከቨርጂኒያ የመጣች የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ቆየች። የመጀመሪያው ሳምንት በዘመድ ጥየቃ አለቀ፤ ሁለተኛው በሠርግ። መንጋጋዋን ያስነቀለችው በመጨረሻው ሐሙስ ነው። በረራዋ ዓርብ ማታ። ጎዝ ነክሳ፣ ጉንጯን በነጠላ ሸፍና ቦሌ ስትደርስ ከሸኚው ሁሉ ምክር ወረደባት። "ከፍታው ደሙን ይስበዋል" ያለ አለ። "አይዞሽ፣ ምንም የለውም" ያለም አለ። "ትንሽ አረቄ ያዢበት" ያሉ እናትም ነበሩ። ሦስቱም ተሳስተዋል።

አሜሪካ ጥርስ ማሳከም ኪስ ያራቁታል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው አገር ቤት ሲመጣ የሚታከመው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

"ከፍታው የረጋውን ደም ነቅሎ ያወጣዋል"

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከሥሩ ያለውን አጥንትም እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ያ ደም ያለጊዜው ከለቀቀ አጥንቱ ይጋለጣል። ሐኪሞቹ ድራይ ሶኬት ይሉታል። ሕመሙ እስከ ጆሮ ይዘልቃል። በዚህ የሚታወቁት ጥፋተኞች ግን ሌሎች ናቸው፦ ሲጋራ፣ በስትሮ መምጠጥ፣ ቶሎ ቶሎ መጉመጥመጥ፣ አስቸጋሪ ንቅለት። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴትም ይበልጥ ትጋለጣለች። የአውሮፕላን ግፊት እዚህ ውስጥ የለበትም።

እንዲያውም ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ያስቃል። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ቢበርም፣ ውስጡ ያለው ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ላይ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ የባሕር ዳር ከተማ ከፍታ ነው። ከቦሌ በድሪምላይነር የተነሳ ሰው፣ በጥርሱ ዓይን ሲታይ ወደ ባሕር ዳር ወረደ እንጂ የትም አልወጣም።

"እንግዲያው በነጋታው መብረር ይቻላል"

ችግሩ ቀን አቆጣጠሩ ነው። እብጠት የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ድራይ ሶኬትም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ውስጥ ብቅ ይላል። ሐሙስ ተነቅሎ ዓርብ የበረረ ሰው ከነቀለለት ሐኪም የሚርቀው፣ ሐኪሙ ሊያስፈልገው በሚችልበት ሰዓት ነው። የአክስቴ ልጅ አውሮፕላኑ ላይ ደህና ነበረች። ሕመሙ የጀመራት እሑድ ሌሊት፣ ቤቷ ገብታ ነው። እዚህ ያተረፈችውን እዚያ ከፈለችው።

ለቀላል ንቅለት ሐኪሞች ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ ይላሉ። ድዱ ተቀዶ ለወጣ ጥርስ፣ በተለይ ለመጨረሻዋ መንጋጋ፣ ሳምንት ያህል ቢቆዩ ይሻላል። ቀጠሮውን የመጡ ሰሞን ያዙ። ዘመድ ይቆያል።

"ኢምፕላንትም ያው ነው"

አይደለም። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። የላይኛው መንጋጋ ሥሮች ደግሞ ከሳይነስ፣ ማለትም ከአፍንጫ ጎን አጥንት ውስጥ ካለው የአየር ክፍተት፣ ጋር ጎረቤት ናቸው። ንቅለቱ ወደ ሳይነስ ቀዳዳ ከከፈተ፣ ወይም ለኢምፕላንት ሲባል ሳይነሱ ከፍ ተደርጎ አጥንት ከተጨመረ፣ የግፊት ለውጥ ሊያሳምም፣ ቁስሉንም ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ "ከፍታው" ያሉት ሸኚ ትንሽ እውነት አላቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ ቀኑን የሚቆርጠው የሠራው ሐኪም ነው። እስከዚያ አፍንጫን በኃይል መናፈጥ ክልክል ነው።

"ጤነኛ ጥርሴን አውሮፕላኑ አሳመመው"

አውሮፕላኑ የሚያሳብቀው ቀድሞ የነበረን ችግር ነው። ከፍታ ላይ ክዳኑን የዘጋችሁት ባዶ ሃይላንድ ስታርፉ ጭምድድ ብሎ አይታችኋል? አየር ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል፣ ሲጨምር ይጨማደዳል። ያላለቀ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና)፣ የሚያፈስ ሙሌት ወይም መግል የቋጠረ ሥር ይሄን አይችልም። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ደግሞ ሳይነሱ ራሱ የጥርስ ሕመም መስሎ ይመጣል።

"አረቄ፣ አስፕሪን፣ ቅርንፉድ..."

አረቄ ትኩስ ቁስል ያቃጥላል። ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ታዞላችሁ ከሆነ አውሮፕላኑ ላይ የሚቀርበውን ወይንም ተዉት። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ይልጠዋል፤ ሲዋጥም ደም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋል። ቅርንፉዱን ለወጡ አስቀሩት። ለመንገድ ተብሎ የሚቃም ጫትም ቅጠሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰነቀራል።

"ማስታገሻ ማስታገሻ ነው"

ወደ ዱባይ ወይም አቡዳቢ ለሚሄድ አይደለም። ትራማዶልና ኮዴይን እዚያ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ መገኘታቸው እስከ ክስ ያደርሳል። ለብዙ ሰው ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይበቃሉ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለበት አይቡፕሮፌንን ሐኪሙን ጠይቆ ይውሰድ።

"ጨው ውሃ ይዤ ልግባ"

ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ብዙ ኤርፖርት ላይ ፍተሻው ያስጥላችኋል። ደግሞም በመጀመሪያው 24 ሰዓት መጉመጥመጥ የለም። ከዚያ በኋላ ከምግቡ ጋር የምትመጣዋን የጨው ከረጢት ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ። በእጅ ቦርሳችሁ መያዝ ያለበት ጎዝ ነው። ደም ከመጣ አጣጥፎ ግማሽ ሰዓት ጥብቅ አድርጎ መንከስ፣ በየደቂቃው እያወጡ አለማየት። ጎዝ ካለቀ፣ የረጠበ የሻይ ከረጢት ከአስተናጋጇ ጠይቁ።